በለጠ ጫካ በሰባት ሰዓት አይገባም

ይህን የምጽፈው ማንም ስላላስጠነቀቀኝ ነው። ባለፈው መስከረም መጨረሻ አንድ ሰው «ረፍዷል፣ ሌላ ቀን ሂዱ» ብሎኝ ቢሆን ኖሮ የታናሽ እህቴ እግር አይጎዳም ነበር። ጅማ ተወልጄ ጅማ ያደግሁ ሰው ነኝ። ጠዋት ወጥቶ ማታ የሚገባበትን የእግር ጉዞ የሚያስተምረኝ ያለ አይመስለኝም ነበር።

ቀላሎቹን መንገዶች ቶሎ ልበል። ጅሬን የሚባለውን ኮረብታ ለመውጣት ማንንም ማስፈቀድ አያስፈልግም። ከመሃል ከተማ ሰባት ኪሎ ሜትር ያህል ነው፣ መጨረሻው ዳገት ነው፣ ከላይ ሆነው ዞር ሲሉ ከተማዋ ከነዛፏ ከእግር በታች ትዘረጋለች። እ.ኤ.አ. ከ1878 እስከ 1932 ጅማን የገዙት የዳግማዊ አባ ጅፋር ቤተ መንግሥት እዚያው ነው። ባለፎቁን የእንጨት ቤት በባጃጅ ወጥተው ፎቶ ተነስተው የሚወርዱ ሰዎች ያሳዝኑኛል። ያ ሰገነት የሚጣፍጠው ዳገቱን በእግሩ ለወጣ ሰው ነው። የቦዬ ረግረግ ደግሞ ሜዳ ነው፣ ልጅም ሽማግሌም ይሄደዋል። ጉማሬዎቹ ሌሊት ለግጦሽ ወጥተው ንጋት ላይ ወደ ውሃ ስለሚመለሱ ፀሐይ ከወጣች በኋላ ሂዱ፣ በጉማሬና በውሃው መካከል ከቶ አትቁሙ። በቃ፣ ስለ ሁለቱ ይህን ያህል ይበቃል።

በለጠ ግን ሌላ ነው። ከጅማ ወደ ቦንጋ በሚወስደው መንገድ፣ ሰቃን አልፎ፣ አርባ ኪሎ ሜትር ያህል ላይ የሚጀምር ጥቅጥቅ ያለ ደን ነው። ቀረሮ የሚባለው ዛፍ ሰማይ ይነካል፣ ከላዩ ጉሬዛ ነጭ ጭራውን አንጠልጥሎ ይዘላል፣ ከሥሩ ቡና ሳይተክሉት የበቀለ ይመስላል። ለዓመታት በመኪና መስኮት እያየሁ አልፌዋለሁ። በመጨረሻ እኔ፣ እህቴና አንድ የሥራ ባልደረባዬ ለዓርብ የዓመት ፈቃድ ወስደን ልንሄድ ተቃጠርን።

«ጫካው ለመግባት የትብብር ደብዳቤ ያስፈልጋችኋል» ተባልን። ሐሙስ ከሰዓት ደብዳቤውን ወደሚጽፈው ቢሮ ሄድኩ። የተቀበለኝ ወጣት ትሑት ነበር፦ «ወንድሜ፣ ደብዳቤው ይጻፍልሃል፣ ነገ ጠዋት ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ና» አለኝ። አመንኩት። የመጀመሪያው ጥፋቴ ይህ ነው። ለጉዞው ቀን የተቀጠረ ወረቀት ወረቀት አይደለም።

ዓርብ ሁለት ሰዓት ተኩል ላይ ሦስታችንም ሻንጣችንን አዝለን በር ላይ ነበርን። ደብዳቤው ተጽፏል፣ ፊርማ ግን የለውም። ኃላፊው ስብሰባ ገብተዋል። አራት ሰዓት ላይ ወጥተው ፈረሙ። ማኅተሙ ደግሞ መሳቢያ ውስጥ ተቆልፎበታል፣ ቁልፉን የያዘችው ጸሐፊ ለቅሶ ሄዳለች። ለቅሶ መሄዷን አልነቅፍም፣ ሰው ነው የሞተባት። ቁልፉን ለባልንጀራዋ ሰጥታ መሄድ ግን ምን ያህል ይከብዳል? ሦስት ሰዎች እዚያው ክፍል ተቀምጠው ሻይ ይጠጡ ነበር፣ አንዳቸውም ስልክ አንስተው ሊደውሉላት አልፈለጉም። እኔ ስልኳን ለምኜ ወስጄ፣ ራሴ ደውዬ፣ ባልደረባዬ በባጃጅ ሄዶ ቁልፉን አመጣ። ማኅተሙ ሲመታ አምስት ሰዓት አልፎ ነበር። አሁንም ስጽፈው ደሜ ይፈላል።

ከዚያ በኋላ ያለው ጥፋት ግን የእኔ እንጂ የእነሱ አይደለም። እህቴ መናኸሪያው በር ላይ ቆማ «ጋሼ፣ ዛሬ ጅሬንን እንውጣና በለጠን ለሌላ ቀን እናድርገው» አለችኝ። ይህን ያህል ሰዓት ተጉላልቼ ያገኘሁትን ወረቀት ኪሴ ይዤ ጅሬን መውጣት እንደ መሸነፍ ታየኝ። «ተቀመጪ፣ መኪናው ሊሞላ ነው» አልኳት። ሚኒባሱ እስኪሞላ ሌላ አርባ ደቂቃ ጠበቅን። ጫካው ዳር የወረድነው ሰባት ሰዓት ላይ ነው።

ደኑ የመንግሥት ቢሆንም ነዋሪው በማኅበር ተደራጅቶ አብሮ ይጠብቀዋል፣ በየዛፉ ሥር ያለው ቡናም ባለቤት አለው። ያን ጊዜ ፍሬው መቅላት ጀምሮ ስለነበር እንግዳ ሰው ሁሉ በጥንቃቄ ይታያል። መንገድ ዳር ያገኘናቸው ሽማግሌ ደብዳቤውን ተቀብለው ማኅተሙን አዩና አጥፈው መለሱልኝ። የጠየቁኝ ሌላ ነገር ነው፦ የማን ልጅ ነህ፣ የት ሰፈር ነህ፣ ለምን መጣህ? በተሰባበረ ኦሮምኛዬ የአባቴን ስም ስነግራቸው ፊታቸው ተፈታ። የእህታቸውን ልጅ ጠሩና «አብሯችሁ ይሂድ፣ ግን ዝናብ አለ» አሉን። ያ ሁሉ ውጣ ውረድ ለአንድ ደቂቃ እይታ ነበር።

ልጁ እስከ ወንዙ ወስዶን «እዚህ እንመለስ» አለ። ውሃው ቁርጭምጭሚት አይደርስም። ከወዲያ ማዶ ያለውን ትልቁን ቀረሮ ማየት አለብን አልኩና ተሻገርን። ዘጠኝ ሰዓት ላይ ጫካው ውስጥ ጨለም አለ። ደመና መሆኑን ያወቅሁት ነጎድጓዱን ስሰማ ነው፣ በዚያ ቅጠል ሥር ሰማይ አይታይም። ዝናቡ መጀመሪያ ድምፁ ብቻ መጣ፣ ጠብታው የደረሰን ቆይቶ ነው፣ ከደረሰ በኋላ ግን እንደ ባልዲ ተገለበጠብን። ቀይ አፈሩ ሳሙና ሆነ። እህቴ ቁልቁለቱ ላይ አንዲት የተላጠች ሥር ረገጠች፣ እግሯ ከሥሯ ሄደ፣ ቀኝ ቁርጭምጭሚቷ ታጠፈባት። አልጮኸችም። ከንፈሯን ነክሳ እኔን እኔን ታየኝ ጀመር። ያ አስተያየት እስከዛሬ ከዓይኔ አልወጣም።

ወንዙ ጋ ስንደርስ ጭን ይደርስ ነበር፣ ቀለሙም የጠላ አምቡላ መስሏል። ልጁ «አንሻገርም፣ ይጎድላል» ብሎ ቁርጥ አደረገ። በአሥራ ስድስት ዓመት ልጅ ብልሃት እንጂ በእኔ አይደለም የተረፍነው። እህቴን የወደቀ ግንድ ላይ አስቀመጥኳት። አምስት ደቂቃ ሳይሞላ ሁላችንም ብድግ አልን፤ ግንዱ የገብረ ጉንዳን መንገድ ነበር። ሱሪ ውስጥ ገብተው ቆዳ ነክሰው ይይዛሉ፣ ስትነቅላቸው ገላቸው ተበጥሶ ጭንቅላታቸው ይቀራል። እሷን በጀርባዬ አዝዬ ሌላ ቦታ ቆምን። ሙቀት ልፈልግ እጄን ኪሴ ስከት ደብዳቤውን አገኘሁት። ርሶ ተጨማድዶ፣ የማኅተሙ ወይን ጠጅ ቀለም ሸሚዜ ላይ አልፏል።

ውሃው የጎደለው አሥራ አንድ ተኩል ላይ ነው። በስልክ መብራት፣ ተራ በተራ እየተሸከምናት ወጣን። የልጁ እናት ቤት እሳት ነበር። ሴትዮዋ ምንም ሳይጠይቁን የእህቴን እግር ቅቤ አሹላት፣ በነጠላ አሰሩላት፣ ጨው ያለበት ቡና አጠጡን። አስፋልቱ ላይ ሁለት ሰዓት ተኩል ድረስ ቆመን አንድ ጭነት ኢሱዙ ጅማ አደረሰን። ሐኪሙ ጅማቷ ተጎድቷል አላት፣ ስድስት ሳምንት በምርኩዝ ሄደች።

እንግዲህ እኔ የምለው ይህ ነው። ደብዳቤው ግዴታ ከሆነ ከሳምንት በፊት አውጡት፣ የጉዞው ቀን ግን ቢሮ በር ላይ አትቁሙ። ከሦስት ሰዓት በፊት ጫካው ዳር ካልደረሳችሁ አትግቡ፤ ስድስት ሰዓት ላይ የትም ሁኑ የት ፊታችሁን አዙሩ። «ዝናቡ መስከረም ላይ ያበቃል» የሚለውን ምክር አትመኑ፣ ያ ለሌላ አገር ይሠራ ይሆናል። የጅማ ዝናብ ጥቅምትንም ይነካል። ከኅዳር እስከ ጥር ሂዱ። የካቲት ላይ አንድ ዝናብ ከጣለ ደግሞ ቡናው ነጭ አበባ ያብባል፣ ሽታው ከሩቅ ይጠራል፣ ያን ጊዜ ማለዳ ሂዱ። ውድ የተራራ ጫማ ያደረግነው እኛ ስንንሸራተት፣ ልጁ በላስቲክ ቦት አንድ ጊዜም አልወደቀም። ካልሲያችሁን ከሱሪያችሁ በላይ ሳቡት፣ ሳማውንም ጉንዳኑንም ይከለክላል። አንዲት የቡና ፍሬ አትቅጠፉ። መንገድ የሚመራችሁን ልጅ ስትነሱ ተነጋገሩና ክፈሉት፣ «እንመለስ» ሲል ደግሞ ተመለሱ።

ጥር ላይ ብቻዬን ተመልሼ ሄድኩ። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ከሩብ ላይ ገባሁ፣ ከልጁ ጋር ቀረሮውን አየሁት፤ ግንዱን አራት ሰው እጅ ለእጅ ተያይዞም የሚያቅፈው አይመስለኝም። ስድስት ሰዓት ሳይሞላ እናቱ ቤት ተቀምጬ ነበር፣ ለነጠላቸው ምትክ ይዤላቸው። ተቀብለው ጎናቸው አስቀመጡትና በሩን አሻግረው ተመለከቱ።

«ልጅቷስ?» አሉኝ።

«ድናለች እናቴ፣ ደህና ናት» አልኳቸው። ከእኔ ጋር መሄድ እንደማትፈልግ ግን መናገር አልቻልኩም።