ኢሜይል መያዝና ማስቀመጥ ስማር፦ እስካሁን የደረስኩበት

ከጡረታ በኋላ ኮምፒውተር ለጀመራችሁ እኩዮቼ ነው የምጽፈው። ኢሜይል መክፈትና መላክ ከለመድኩ ቆይቻለሁ። የከበደኝ ከዚያ ወዲያ ያለው ነው። የመጣውን የት ላድርገው? የቱ ይቀመጥ፣ የቱ ይጣል? ልጆቼ አንዴ «ዝም ብለሽ ተዪው» ይሉኛል፣ አንዴ ደግሞ «ሁሉንም ዲሊት አድርጊውና ተገላገዪ»። ሁለቱም ለእኔ አልሆኑም። የሥራ ዘመኔን ያሳለፍኩት መዝገብ ቤት ነው፤ ወረቀት ሳይለይ ሲከመርም ሳይነበብ ሲጣልም አልወድም።

መጀመሪያ የያዝኩት አርካይቭን ነው። ሌላው ቢቀር ይህችን ተማሩ። ጂሜይል (የጉግል ኢሜይል) ላይ አርካይቭ ያላችሁት ደብዳቤ ከኢንቦክስ ይነሳል እንጂ አይጠፋም፤ «ኦል ሜይል» የሚለው ውስጥ ገብቶ ይቀመጣል። መልስ የጻፈበት ሰው ካለ ደግሞ ራሱ ተመልሶ ኢንቦክስ ላይ ይመጣል። ስልክ ላይ ጣታችሁ ወደ ጎን ሲያንሸራትተው ደብዳቤው ድንገት ተሰወረ ብላችሁ የደነገጣችሁ ካላችሁ፣ ብዙውን ጊዜ የሆነው ይኸው ነው። ዲሊት ግን ሌላ ነገር ነው። ዲሊት የተደረገው ትራሽ (የቆሻሻ ቅርጫቱ) ውስጥ 30 ቀን ይቆይና ለዘለቄታው ይጠፋል። ስፓም፣ ማለትም ጂሜይል አጠራጣሪ ያለውን የሚያስገባበት ክፍል፣ ውስጥ የገባውም እንዲሁ ነው፤ ስለዚህ ስፓምን አልፎ አልፎ እዩት፣ የሚፈለግ ደብዳቤም አብሮ ይገባል።

ቀጥሎ ሌብል፣ ደብዳቤ ላይ የሚለጠፍ የመለያ ስም ማለት ነው። ይህ እኔን በጣም ነው ያስደሰተኝ። እኛ መዝገብ ቤት አንድ ደብዳቤ ስለ ቅጥርም ስለ በጀትም የሚያወራ ከሆነ ዋናውን አንዱ ፋይል ውስጥ እናደርግና ለሌላው ግልባጭ እናዘጋጅ ነበር። እዚህ ግን አንዱ ደብዳቤ ሁለትም ሦስትም ሌብል ይይዛል፣ ግልባጭ አያስፈልገውም። ልጄ ከውጭ የላከልኝ የሕክምና ወረቀት «ልጆች» ውስጥም አለ፣ «ጤና» ውስጥም አለ። ሌብሉን ብታጠፉት እንኳ ደብዳቤው አይጠፋም፣ ስሙ ብቻ ነው የሚነሳለት። እኔ «ልጆች»፣ «ጤና»፣ «ባንክና ጡረታ» እና «ዕድር» ብዬ ነው የከፈልኩት። ከዚህ ብዙ አላበዛም፤ ሌብል ሲበዛ የቱ ውስጥ እንደከተቱት ማሰብ ራሱ ሥራ ይሆናል።

ፍለጋውን ያሳየችኝ የድሬዳዋ ዩኒቨርሲቲ ተማሪ የሆነች የጎረቤት ልጅ ናት። የድሬን የቀትር ሙቀት ታውቁታላችሁ፣ ከሰዓት ላይ ላፕቶፑም እኛም አንችልም፤ ስለዚህ አመሻሽ ላይ ነፋስ ሲመጣ በረንዳ ላይ ነው የምንቀመጠው። የዓይን ምርመራ ውጤቴን እየፈለግኩ «ሕክምና» ብዬ ጻፍኩ፣ ምንም አልመጣም። እሷ ጎንበስ ብላ አየችና «እማማ፣ በሃሌታው ሀ ደግሞ ይሞክሩት» አለችኝ። «ህክምና» ስል መጣ። «የህክምና» ስል ደግሞ ሌሎች ተጨመሩ። ማሽኑ ፊደሉ እንደተጻፈ ነው የሚፈልገው፣ እኛ ደግሞ አንዱን ቃል በየፊናችን ነው የምንጽፈው። ሠ እና ሰ፣ ጸ እና ፀ ያለበት ቃል ከሆነ በሁሉም ሞክሩ። ካልሆነም በላኪው ስም ፈልጉ፣ ከሁሉ የሚቀለው እሱ ነው። ከመፈለጊያው ሳጥን ዳር ያለችውን ምልክት ስትጫኑም በቀን፣ በላኪና በፋይል መጠን መለየት ይቻላል።

መጠኑ ለምን ያስፈልጋል? በነጻ የሚሰጠው ቦታ 15 ጊጋባይት ነው። ያውም ለኢሜይል ብቻ አይደለም፤ የጉግል ፎቶ ማስቀመጫ (ጉግል ፎቶስ) እና የፋይል ማስቀመጫው (ድራይቭ) ከዚያው ነው የሚካፈሉት። ሲሞላ መላክም መቀበልም ይቆማል። የእኔን የሞላው ደብዳቤ አልነበረም፣ የልጅ ልጆቼ ቪዲዮ ነው። ጽሑፍ ቦታ አይፈጅም፤ ስለዚህ ቦታ ጠበበ ብላችሁ የሰው ደብዳቤ አትሰርዙ። ከባድ ፋይል ያለበትን ፈልጉ፣ ፋይሉን ኮምፒውተራችሁ ላይ አውርዱ፣ መውረዱን ከፍታችሁ አረጋግጡ፣ ከዚያ ሰርዙት። ትራሹንም ባዶ ማድረግ አለ፣ እዚያ እስካለ ድረስ ቦታ ይይዛል። የማስታወቂያውን መዓት ደግሞ በየቀኑ ከመሰረዝ «አንሰብስክራይብ» (ከእንግዲህ አትላኩልኝ) የሚለውን መጫን ይሻላል።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ ማስቀመጥ። በ1998 ክረምት የደቻቱ ወንዝ በሌሊት ሞልቶ ያደረገውን የድሬ ሰው አይረሳውም። ስንት ሰው አለቀ። እኛ ቤት ሰው ተርፏል፣ እግዚአብሔር ይመስገን፤ የወንድሜ ደብዳቤዎች ግን ከነሻንጣቸው ሄዱ፣ እሱ ዛሬ የለም። ስለዚህ የምወደው ነገር አንድ ቦታ ብቻ ሲቀመጥ እንቅልፍ አይወስደኝም፤ ኢሜይልም ቢሆን ያው ነው። ሁለት ዓመት ሙሉ ያልተከፈተ አካውንት ጉግል ሊያጠፋው እንደሚችልም እወቁ።

እኔ የማደርገው እንዲህ ነው። ደብዳቤውን እከፍትና የፕሪንተሩን ምልክት እጫናለሁ፤ ፕሪንተር ግን የለኝም፣ እዚያ ላይ «ሴቭ አዝ ፒዲኤፍ» የሚለውን ነው የምመርጠው፤ በወረቀት ፈንታ ፋይል ሆኖ ኮምፒውተሩ ላይ ይቀመጣል። አብሮ የተያያዘ ፎቶ ወይም ፋይል ካለ ፒዲኤፉ ውስጥ አይገባም፣ ለብቻው ማውረድ አለባችሁ። ስሙን ስሰጥ ዓመቱን፣ ወሩን፣ ቀኑን አስቀድሜ ከዚያ የላኪውን ስም አስከትላለሁ፤ እንዲህ ሲሆን ፋይሎቹ ራሳቸው በተራ ይሰለፋሉ። ቀኑን በፈረንጅ ነው የምጽፈው፣ ኢሜይሉ ላይ ያለው እሱ ስለሆነ። አንዱን በእኛ አንዱን በእነሱ ካደረጋችሁ የ2016 ደብዳቤ የትኛው 2016 እንደሆነ ማን ይለየዋል? ከዚያ ሁለት ፍላሽ ላይ እገለብጣለሁ። አንዱ እኔ ጋ፣ ሌላው ሳቢያን ሰፈር እህቴ ቤት ነው። ፍላሹን ከመንቀል በፊት «ኢጀክት» ማለት አይረሳ።

ይህ መንገድ ለተመረጡ ደብዳቤዎች እንጂ ለሁሉም አይሆንም፣ አንድ በአንድ ነውና ያደክማል። ሁሉንም በአንዴ ለማውረድ «ጉግል ቴክአውት» የሚባል አለ። ትጠይቁታላችሁ፣ ሲያዘጋጅ ጊዜ ሊፈጅ ይችላል፣ ሲጨርስ ማውረጃውን በኢሜይል ይልክላችኋል፤ ማውረጃው ግን ጊዜው ሳያልፍ መውረድ አለበት። እኔ አውርጄዋለሁ። ፋይሉ «ኤምቦክስ» የሚባል ዓይነት ነው፣ ዝም ብሎ አይከፈትም፤ ተንደርበርድ በሚባል ነጻ ፕሮግራም ነው የሚነበበው። ተንደርበርድን ጭኛለሁ፣ ፋይሉን ማስገባቱ ነው የቀረኝ። ልጅቷ ፈተናዋን ስትጨርስ አብረን እንሞክራለን። የአማርኛ ደብዳቤዎቹ ፊደላቸው ሳይበላሽ መውጣታቸውን አይቼ እጽፍላችኋለሁ፤ ቀድማችሁ የሞከራችሁት ካላችሁ ደግሞ ንገሩኝ።