የተቀደደው ድንኳን፦ የአፓቼ ታሪክ ንባቤ፣ አራተኛ ወር

ይህን ወር ሙሉ፣ ከአሜሪካ ነባር ሕዝቦች አንዱ በሆኑት በአፓቼዎችና በአሜሪካ ጦር መካከል በተነሳ አንድ ግጭት ላይ ብቻ ተቀምጬ ከረምኩ። እ.ኤ.አ. ጃኑዋሪ 1861 ማለቂያ ላይ ወራሪዎች ከጆን ዋርድ እርሻ ከብት ነድተው፣ 12 ዓመት ገደማ የሚሆነውን የእንጀራ ልጁን ፊሊክስን ይዘው ሄዱ። መቶ አለቃ ጆርጅ ባስኮም 54 ወታደር አስከትሎ፣ ዛሬ ደቡብ ምሥራቅ አሪዞና ውስጥ ባለው አፓቼ ፓስ ሰፈረ። የቺሪካዋ አፓቼዎች መሪ ኮቺስ ወንድሙንና ሚስቱን ሳይቀር አስከትሎ በሰላም መጣ። ልጁን እኔ አልወሰድኩም፣ ሌሎች አፓቼዎች ይሆናሉ፣ አፈላልጌ አመጣዋለሁ አለ።

ትረካዎቹ የሚለያዩት እዚህ ላይ ነው። በአፓቼዎች ዘንድ በቃል የወረደው ታሪክ፣ ባስኮም ሊይዘው ሲል ኮቺስ ቢላ መዝዞ የድንኳኑን ሸራ ሰንጥቆ አመለጠ፣ ዘመዶቹ ግን ተያዙ ይላል። ነገሩን የሚጠሩትም በዚያው በድንኳኑ መቀደድ ነው። የባስኮም ሪፖርት ስለ ቢላም ስለ ሸራም ትንፍሽ አይልም።

መጀመሪያ ሪፖርቱን አስበልጬ ነበር፤ ግጭቱ በተነሳበት በፌብሩዋሪ የተጻፈ ነውና። ከዚያ ደብተሬን አራት ቦታ አሰመርኩት፦ ማን ተናገረ፣ ቦታው ላይ ነበር ወይ፣ ከስንት ዓመት በኋላ፣ ምን ይጠቅመዋል። አራተኛው መስመር ሐሳቤን አስቀየረኝ። ባስኮም የሚጽፈው ለአለቆቹ ነው፤ በሰላም የመጣን ሰው ሊይዝ ሲል እንዳመለጠው ቢናገር የሚጎዳው ራሱን ነው። እኔ ድንኳኑ ተቀድዷል ባይ ነኝ።

በሌሎቹም ላይ ሞከርኩት። የጦሩ ሐኪም በርናርድ አይርዊን፣ ጦሩ በመጨረሻ የሰቀላቸው ስድስት አፓቼዎች እንዲሰቀሉ ሐሳቡን ያመጣሁት እኔ ነኝ ብሎ የጻፈው 26 ዓመት ቆይቶ ነው። ከስድስቱ አንዱ የኮቺስ ወንድም ኮዩንቱራ ነበር፤ እዚህ ጋ ስደርስ ደብተሬን ዘግቼ ትንሽ ወጣሁ። ኮቺስም በበኩሉ ሰዎች ይዞ ነበርና፣ ባስኮም ምርኮኛ መለዋወጥ እምቢ አለ እያለ የተናገረው ሳጅን ሩበን በርናርድ ደግሞ፣ በሰዓቱ እዚያ መኖሩ ራሱ ያከራክራል።

ፊሊክስ ሌሎች አፓቼዎች ዘንድ አድጎ፣ በኋላ ሚኪ ፍሪ ተብሎ ለአሜሪካ ጦር በአስተርጓሚነት አገለገለ። ኮቺስ እውነቱን ነበር።

የኮቺስ ሰዎች የያዟቸው አራት ምርኮኞችም ከስቅላቱ በፊት ሞተው ተገኝተዋል። በሚቀጥለው ወር በአራቱ መስመሮች የምፈትሸው ይህንኑ ነው።