አፖሎ 13ን በአማርኛ ሳብታይትል ላሳይ ብዬ የሆንኩትን ልንገራችሁ

ፊዚክስ አስተማሪ ነኝ። ስለ ስበት ሳስተምር፣ ሰዎች ይዞ ወደ ጨረቃ ይሄድ የነበረው አፖሎ 13 የኦክስጅን ታንኩ ከፈነዳ በኋላ ጨረቃን ዞሮ በራሷ ስበት ታጥፎ ወደ ምድር ተመለሰ ስላቸው ግማሹ ክፍል አላመነኝም። እሺ፣ ፊልሙን በአማርኛ ጽሑፍ አሳያችኋለሁ አልኩ፣ አፌን ምን አስከፈተኝ። በፈረንጅ 1995 የወጣውን፣ ቶም ሀንክስ የጉዞውን አዛዥ ጂም ላቭልን ሆኖ የሚሠራበትን ማለቴ ነው። እንግሊዝኛው ለተማሪዎቹ ይከብዳል፣ የሬዲዮው ወሬማ ለእኔም ይከብደኛል።

ትርጉሙ ማታ ማታ ሁለት ወር ፈጀ፣ ስለሱ ብዙ አላወራም። ሶፍትዌሩ ሳብታይትል ኤዲት ይባላል፣ ነጻ ነው። ስታስቀምጡ ዩቲኤፍ 8 (ፊደሉ ፋይሉ ውስጥ የሚቀመጥበት ዓይነት ነው) መሆኑን እዩ፣ አለዚያ ፊደሉ በሙሉ የጥያቄ ምልክት ይሆናል። በአንድ መስመር 42 ፊደል ይቻላል የሚለውን መመሪያ ደግሞ ተዉት፣ የእኛ ፊደል ወፍራም ነው፣ እኔ ከ28 አላሳለፍኩም፣ ለዚያም ቢሆን ከኋላ የተቀመጡት አይናቸውን ሲያጨማድዱ ነበር።

ያስቸገረኝ 13 ቁጥር ነው። ፊልሙ ገደቢስ ቁጥር ነው እያለ ይጫወትበታል፣ መንኮራኩሯ የተነሳችው በሂውስተን (ጉዞው ከመሬት የሚመራበት ከተማ ነው) ሰዓት 13:13 ላይ፣ ታንኩ የፈነዳው ኤፕሪል 13። ወደ እኛ ስታመጡት ሰዓቱ 7:13፣ ቀኑም ሚያዝያ 5 1962 ሆኖ ቁጭ ይላል፣ 13 ደሞ ለእኛ ጳጉሜ ናት፣ ማን ይፈራታል? እንዳለ ተውኩት፣ ማንም አልደነገጠ።

አንዷን አረፍተ ነገር ግን እኮራባታለሁ። ያቺን ታዋቂ የሂውስተን አባባል «ችግር አለብን» ብትሏት ብድር ሊጠይቅ የመጣ ሰው ነው የሚመስለው። «ሂውስተን፣ ችግር ገጥሞናል» አልኳት። በኋላ ሳጣራ እውነተኞቹ ሰዎች ያሉትም ወደዚህ የቀረበ ነው፣ መጀመሪያ ከላቭል ጋር የተጓዘው ስዊገርት ተናገረው፣ ላቭል ደገመው፣ ፊልሙ ነው የቀየረው።

ወደ ጉዱ ልግባ። የትምህርት ቤታችን አዳራሽ ያፈሳል፣ ስለዚህ ሌላ አዳራሽ ጠየቅን። ደብዳቤ፣ ማህተም፣ «ሰኞ ተመለሱ»፣ ታውቁታላችሁ። ሦስት ሳምንት። ተፈቀደ። ቅዳሜ ከ80 የማያንስ ተማሪ ይዤ ሄድኩ፣ ፊልሙና ሳብታይትሉ ፍላሼ ላይ ናቸው።

የማሽን ክፍሉ ኃላፊ ትልቅ ሰው ናቸው። ፍላሹን ሳወጣ እጄን ያዙኝ።

«መምህር፣ ፍላሽ ከውጭ አይገባም። ቫይረስ አለው። መመሪያ ነው።»

«ጋሼ፣ ፊልሙ እኮ እዚህ ውስጥ ነው ያለው።»

«ፊልሙ እኛም ጋ አለ። ይኸው፣ እንደውም የአንተ ሳይሻል አይቀርም» አሉና ፍላሼን መሳቢያ ውስጥ ከተቱት፣ ቆለፉበት። ሳብታይትሉን ግን በቴሌግራም ላክልኝ አሉኝ። ቫይረስ በቴሌግራም አይመጣም መሰለኝ።

ኮፒያቸው በእርግጥ ጥርት ያለ ነበር። የመጀመሪያዎቹን ጥቂት መስመሮች አየሁ፣ ጽሑፉ ልክ ነው፣ ደስ ብሎኝ ሄጄ ተቀመጥኩ። እዚች ጋ ነው ራሴን የምረግመው። ወደ መሃል አንዴ፣ ወደ መጨረሻ አንዴ ዘልዬ ማየት ብቻ ነበረብኝ፣ ግማሽ ደቂቃ አይፈጅም!

ሁለት ሦስት ደቂቃ ላይ ጽሑፉ ከንግግሩ ቀደመ። ትንሽ ነው ብዬ ዝም አልኩ። ከዚያ ጠፈርተኛው ማቲንግሊ በኩፍኝ ስጋት ከጉዞው የሚወጣበት ትዕይንት መጣ (ሰውዬው በኋላም አልያዘውም)፣ አለቆቹ አፋቸውን ሳይከፍቱ ጽሑፌ መርዶውን አርድቶ ጨርሶ ስለ ሌላ ነገር ያወራል። ተማሪዎቹ ዞረው ያዩኛል። እየሮጥኩ ማሽን ክፍል ገባሁ።

የሆነው ይሄ ነው። እኔ የተረጎምኩት በአውሮፓ ዲቪዲ ኮፒ ላይ ነው፣ እሱ በሰከንድ 25 ፍሬም፣ ማለትም 25 ምስል፣ ያሳያል፣ የአዳራሹ ደግሞ 23.976። በወሬ ደረጃ ምንም አይመስልም አይደል? ግን ያው ፊልም በእኔ ኮፒ 134 ደቂቃ ገደማ ነው፣ በእሳቸው 140። ስለዚህ ጽሑፌ በየደቂቃው ሁለት ሰከንድ ተኩል እየቀደመ ይሄዳል፣ መጨረሻ ላይ ከአምስት ደቂቃ በላይ ይቀድማል ማለት ነው።

ኃላፊው ኪቦርዱን አላስነካም አሉ። ለመንኩ። የልጆቹን ብዛት አሳየሁ። በስንት መከራ ወንበራቸውን ለቀቁልኝ። ቪኤልሲ በሚባለው የፊልም ማጫወቻ ላይ ኤች የምትለውን ቁልፍ ስትጫኑ ጽሑፉ በ50 ሚሊሰከንድ ይዘገያል፣ አንድ ሰከንድ ለማዘግየት 20 ጊዜ መጫን ነው። የቀደመውን ለመመለስ ብቻ ከ1,000 በላይ ጊዜ ተጫንኩ፣ ከዚያ በኋላ ደግሞ እንዳያመልጠኝ በየደቂቃው ወደ 50 ጊዜ፣ ለሁለት ሰዓት ሊሞላ ምንም ባልቀረው ጊዜ። አውራ ጣቴ ሲደክም በሌባ ጣቴ። ኃላፊው ከኋላዬ ቆመው «ቀስ፣ ቁልፉ ይነቀላል» ይሉኛል። መስኮት ከፍቶ ቁጥሩን መጻፍ እንደሚቻል፣ እዚያው መስኮት ላይ የሳብታይትሉን ፍጥነት መቀየሪያ እንዳለ ያወቅኩት በማግስቱ ነው። አታብሽቁኝ።

ግን ያዝኩት። ካሬውን የአየር ማጣሪያ ለክብ ቀዳዳ በፌስታል፣ በካርቶን፣ በካልሲና በናስትሮ የሚያስገቡበት ቦታ ላይ አንዲት ፊደል አላመለጠችኝም፣ ልጆቹ አጨበጨቡ። የላቭል እናት መጀመሪያ ጨረቃን የረገጡትን አርምስትሮንግና አልድሪንን «እናንተም ልጆች የጠፈር ሥራ ላይ ናችሁ እንዴ?» ስትላቸው አዳራሹ በሰዓቱ ሳቀ። በሰዓቱ! በሕይወቴ እንደዚያ የኮራሁበት ሳቅ የለም።

ከዚያ ኦዲሲ በምትባለው መንኮራኩራቸው ወደ ምድር ሲገቡ ሬዲዮው የሚጠፋበት መጣ። በእውነተኛው ጉዞም ዝምታው ከተጠበቀው ከአንድ ደቂቃ በላይ ረዝሟል፣ ፊልሙ ደግሞ እዚያ ላይ ልብ ያቆማል። ማንም አይናገርም፣ ሳብታይትልም የለም፣ እኔም ጣቴን አሳርፌ ከልጆቹ ጋር ስክሪኑን አፍጥጬ ማየት ጀመርኩ። ፊልሙን ስንት መቶ ጊዜ እንዳየሁት ረስቼ! ሦስት አራት ደቂቃ እጄን ሳነሳ ጽሑፉ አስር ሰከንድ ቀደመ፣ አስር ሰከንድ ደግሞ እዚያ ቦታ ላይ ዘላለም ነው። ሂውስተን ውስጥ ሁሉም ትንፋሹን ውጦ፣ የላቭል ሚስት ቲቪው ላይ አፍጥጣ፣ ከስር በነጭ ፊደል «ሰላም ሂውስተን፣ ኦዲሲ ነን» የሚል ወጣ።

«ተርፈዋል!» አለ አንዱ ከፊት።

አለቀ። ሁለት ወር የደከምኩበት ለዚያች ለአንዷ ደቂቃ ነበር።

ስንጨርስ ታንኩ ለምን ፈነዳ ብለው ጠየቁኝ፣ ፊቴን ሳልፈታ መለስኩ። ማሞቂያው ውስጥ ለ28 ቮልት የተሠራ ስዊች ነበር፣ መሬት ላይ ሲሞክሩት 65 ቮልት ለቀቁበት፣ ተጣብቆ ቀረና ማሞቂያው መጥፋት ሲገባው ሳይጠፋ የሽቦውን ሽፋን አቃጠለው፣ ጠፈር ላይ ማራገቢያውን ሲያበሩ ፈነዳ። ማንም ሰው ሁለቱን ቁጥሮች ጎን ለጎን አላያቸውም። ከኋላ አንዷ «ቲቸር፣ የእርስዎም እኮ 25 እና 24 ነው» አለችኝ። ሳቁ። እኔ በዚያ ሰዓት አልሳቅኩም።

ማስተካከያው ምን መሰላችሁ፣ ሳብታይትል ኤዲት ላይ የፍሬም መጠን መቀየሪያ አለ፣ ከ25 ወደ 23.976 ብላችሁ ትጫናላችሁ፣ ሁለት ክሊክ። ስለዚህ ሁለቱንም ዓይነት አዘጋጅታችሁ ስልካችሁ ላይ ያዙ። ቀድማችሁ ደብዳቤ አስገቡ የሚሏችሁን እኔ አላምንበትም፣ ደብዳቤው በራሱ ጊዜ ይሂድ፣ እናንተ በዋዜማው የማሽኑን ሰው ማኪያቶ ጋብዙና የትኛው ኮፒ እንደሚከፈት አይታችሁ ግቡ። እኔ ሥራ አስኪያጁ ጋ አራቴ ተመላልሼ ማሽን ክፍሉን አንዴም ረግጬው አላውቅም ነበር።

በሁለተኛው ሳምንት ክፍል ውስጥ በቲቪ፣ በተስተካከለው ፋይል፣ አዳራሽ ላልመጡት 20 ለሚሆኑ ልጆች ደገምኩት። ያ ዝምታ ሲመጣ እጄን ኪሴ ከትቼ ቆምኩ፣ ጽሑፉም ድምፁ እስኪሰማ ጠበቀ። ፋይሉን ከኮምፒውተሬ ነው የወሰድኩት፣ ፍላሼ እዚያ መሳቢያ ውስጥ እንደተቆለፈበት ነው። ስደውል «ቁልፉን የያዘው ሰውዬ የለም» ይሉኛል፣ የሚሉኝ ራሳቸው ናቸው።