ቶንጋታፑን ከምሥራቅ ወደ ምዕራብ፦ የሦስት ሥርወ መንግሥታት መንገድ

በፓስፊክ ውቅያኖስ ወዳለችው የደሴቶች መንግሥት ወደ ቶንጋ የሚሄድ ሰው ትኬት ከመቁረጡ በፊት እሑድን ማስላት አለበት። እሑድ አውሮፕላን አያርፍም፣ አውቶቡስ አይንቀሳቀስም፣ ሱቅ አይከፈትም። ሰዓቱም ከአዲስ አበባ በ10 ሰዓት ስለሚቀድም፣ እኛ ገና ቅዳሜ ከቀኑ 8 ሰዓት ላይ ሳለን እዚያ እሑድ ይገባል። ቀጥታ በረራ ስለሌለ መንገዱ በኦክላንድ፣ በሲድኒ ወይም በፊጂ በኩል ነው። ከሳምንቱ አጋማሽ በፊት የገባ ሰው ዋናውን ደሴት ቶንጋታፑን በሁለት ቀን ያዳርሳል። ከጫፍ እስከ ጫፍ 40 ኪሎ ሜትር አይሞላም።

ጎብኚው አብዛኛውን ጊዜ የሚጀምረው ከዋና ከተማዋ ከኑኩአሎፋ ነው። ታሪኩን ለመከተል ግን ይህ ጅምር ነገሩን ያዘበራርቃል። የቶንጋ ዙፋን ከምሥራቁ ጫፍ ተነሥቶ፣ ወደ ምዕራብ ሲገፋ ኖሮ፣ ከተማዋ ላይ የተቀመጠው ገና በ19ኛው ክፍለ ዘመን ነው (ቀኖቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው)። ቦታ በለወጠ ቁጥር ደግሞ የንጉሡ ሥልጣን ዓይነት አብሮ ተለውጧል። እኔም የሄድኩት በዚሁ ቅደም ተከተል ነው።

መጀመሪያ ከከተማው 30 ኪሎ ሜትር ገደማ ርቆ ኒዩቶዋ መንደር አጠገብ ወዳለው ሃአሞንጋ አ ማውዊ። ሁለት የቆሙ ድንጋዮችና በላያቸው የተጋደመ አንድ ድንጋይ ናቸው፤ መቃንና ጉበኑ ብቻ የቀረ በር ይመስላል። ቁመቱ 5.2 ሜትር፣ የእያንዳንዱ ድንጋይ ክብደት ከ30 እስከ 40 ቶን ይገመታል። ዙሪያውን ሳትዞሩ አትሂዱ። የላይኛው ድንጋይ እንዲሁ አልተጫነም፤ የቋሚዎቹ አናት ተቦርቡሮ እርሱ እንደ ወራጅ እንጨት በጎድጓዳው ውስጥ ገብቷል። ያቆመው 11ኛው ቱኢ ቶንጋ (የጥንቶቹ ነገሥታት ማዕረግ ነው) ቱኢታቱኢ ነው፤ ጊዜውም በ1200 ዓ.ም. አካባቢ። ሁለቱ ቋሚዎች ሁለቱ ልጆቹ፣ አጋዳሚው ወንድማማችነታቸው ነው የሚል ትርጓሜ አለ። ንጉሥ ታውፋአሃው ቱፖ አራተኛ ደግሞ በ1967 አጋዳሚው ላይ ያሉት ጭረቶች ፀሐይ በዓመቱ ረጅሙና አጭሩ ቀን የምትወጣበትን አቅጣጫ ያመለክታሉ ብለው አስታወቁ። ለመጀመሪያው ዓላማ ይህ ማስረጃ ይሁን አይሁን ሊያከራክር ይችላል፤ እኔን የሚያሳምነኝ የልጆቹ ነገር ነው፣ ምክንያቱም ቀጥሎ ያለው ታሪክ በሙሉ የወንድማማቾች ድርሻ ታሪክ ነው።

ከዚያ ጥቂት እርምጃ ራቅ ብሎ ብቻውን የቆመ ጠፍጣፋ ድንጋይ አለ፤ ኤሲ ማካፋኪናንጋ ይሉታል። ብዙ ሰው ሳያየው ያልፋል። ቱኢታቱኢ ጀርባውን ለዚህ አስደግፎ ይቀመጥ ነበር ይላሉ፤ ከኋላ የሚመጣበት እንዳይኖር። ከፊት የቀረበውን ደግሞ በረጅም ዱላ ጉልበቱን ይለዋል። ፍርሃቱ መሠረት አልነበረውም ማለት አይቻልም፤ ከእርሱ በኋላ ከነገሡት የተገደሉ አሉ።

የንጉሡ ግቢ ሄኬታ ለታንኳ የሚሆን ስፍራ አልነበረም። ባሕሩ ዳርቻውን በቀጥታ ስለሚመታ ትልልቆቹን ጥንድ ታንኳዎች ማቆም አስቸጋሪ ነው። ልጁ ታላታማ ግቢውን ወደ ላፓሃ ያዛወረው በዚህ ምክንያት ነው፤ ላፓሃ የዛሬው ሙአ ክፍል ሆኖ ከነፋስ የተጠለለ የውስጥ ባሕር ዳር ላይ ተቀምጧል። ግብር የሚመጣው ከሌሎቹ ደሴቶች በታንኳ ነውና ወደቡ የመንግሥቱ ጎተራ በር ነበር።

ላፓሃ ውስጥ የሚታዩት ላንጊ የሚባሉት የነገሥታት መቃብሮች ናቸው፤ ከሃያ በላይ ናቸው፣ ከመኖሪያ ቤቶችና ከአትክልት ቦታዎች መሃል። የታጠረ ሙዚየም ስላልሆነ ሰው በቀላሉ ይሳሳታል፦ ደረጃው ለመውጣት የሚጋብዝ ይመስላል፣ ግን መቃብር ነው፣ አይወጣበትም። ወንድ ያለ ሸሚዝ በአደባባይ መታየቱም በአገሪቱ ሕግ ያስቀጣል። ጊዜ ካጠራችሁ ፓኤፓኤ ኦ ተለአ የተባለውን ብቻ እዩ፤ የ16ኛው ክፍለ ዘመን ሥራ ነው። ማዕዘኑ ጋ ቀርባችሁ ተመልከቱ። እንደ ተራ ግንብ ሁለት ድንጋይ ተገጣጥሞ አይደለም፤ አንድ ትልቅ ድንጋይ ራሱ እንዲታጠፍ ሆኖ ተጠርቦ ማዕዘኑን ይዞታል። ውስጡ የሞላው አፈር የሚገፋው ማዕዘኑን ስለሆነ መጋጠሚያው እዚያ ቢሆን ኖሮ ቀድሞ የሚከፈተው እርሱ ነበር። ድንጋዩ የሚቆረጠው ከባሕር ዳርቻና ከአካባቢው ትናንሽ ደሴቶች ነው፤ በተፈጥሮው ንብርብር ስለሆነ በንብርብሩ በኩል ይሰነጠቃል። ብረት አልነበራቸውም፤ የሚጠርቡት በድንጋይ መጥረቢያ ነው። ንጉሡ ተለአ ባሕር ውስጥ ስለ ሰጠመ አስከሬኑ እዚህ የለም የሚል ወሬም አለ።

ክፍፍሉ የተጀመረው እዚሁ ነው። 23ኛው ቱኢ ቶንጋ ታካላውዋ በ15ኛው ክፍለ ዘመን ተገደለ። ልጁ ካውሉፎኑዋ ገዳዮቹን ከደሴት ደሴት አሳድዶ ያዛቸውና ጥርሳቸውን አውልቆ መጠጥ የሚሠራበትን የካቫ ተክል ሥር እንዲያኝኩለት አደረገ ይባላል። ከዚያ ግን ከበቀሉ የሚበልጥ ሥራ ሠራ፦ ክብሩንና መንፈሳዊውን ሥልጣን ለራሱ አስቀርቶ፣ የዕለት ተዕለቱን አስተዳደር ቱኢ ሃአታካላውዋ በሚል ማዕረግ ለወንድሙ ሰጠ። የሚጠላው፣ ግብር የሚሰበስበው፣ የሚዋጋውም ሌላ ሰው ሆነ። በ1600 አካባቢ ይኸው ነገር ተደገመ፤ የሃአታካላውዋ ልጅ ንጋታ ወደ ምዕራቡ ጫፍ ተልኮ ሦስተኛውን መስመር፣ ቱኢ ካኖኩፖሉን ጀመረ። ጊዜ ሲያልፍ ጉልበቱ በሙሉ እዚያ ሄደ።

እንግሊዛዊው አሳሽ ካፒቴን ኩክ በ1777 ለሦስተኛ ጊዜ ሲመጣ ያየው ይህን ባለብዙ ራስ መንግሥት ነው። ማን ንጉሥ እንደሆነ ለመለየት ተቸግሯል፤ የቱኢ ቶንጋ እህት ከራሱ ከንጉሡ በክብር መብለጧ ነገሩን አባብሶታል። ሙአ ላይ ኢናሲ የተባለውን የበኩራት በዓል ለመታደም ጸጉሩን ፈትቶ ከወገብ በላይ ራቁቱን ተቀምጧል። ደሴቶቹን የወዳጅነት ደሴቶች ያላቸውም እርሱ ነው፤ በኋላ አራት ዓመት ገደማ እዚያ የኖረው እንግሊዛዊው ወጣት ዊሊያም ማሪነር ግን አለቆቹ ኩክን ለመግደል መክረው በጊዜው ስላልተስማሙ እንደተዉት ሰምቶ አስነግሯል።

በማግስቱ ወደ ምዕራብ፣ ወደ ካኖኩፖሉ። አውቶቡስ አለ፤ ነገር ግን የሚሠራው ጧት እና ቀትር ላይ ነው፣ ከሰዓት በኋላ እየሳሳ ይሄዳል። ማለዳ ያልወጣ ሰው ለመመለሻ ታክሲ መፈለጉ አይቀርም። መንደሩ ውስጥ የሚታይ ትልቅ ሐውልት የለም። የዛሬው ንጉሣዊ ቤተሰብ ማዕረግ ግን ከዚህ ነው፤ የዚህ ቤተሰብ የመጀመሪያው ንጉሥ ታውፋአሃው በ1845 ቱኢ ካኖኩፖሉ ሆኖ የተሾመው እዚህ ኮካ በሚሉት ዛፍ ሥር ነው። ጥር 15 ቀን 2022 ሁንጋ ቶንጋ እሳተ ገሞራ ሲፈነዳ የተነሣው ሱናሚ ይህን ዳርቻ ክፉኛ መትቶታል፤ በፊት የታተሙ የጉዞ መጻሕፍት የሚጠቅሷቸው የባሕር ዳር ማረፊያዎች ሁሉ አሁን አሉ ብላችሁ አትነሡ።

ታውፋአሃው በ1831 ተጠምቆ በእንግሊዙ ንጉሥ ስም ጆርጅ ተባለ፤ በእነርሱ አጠራር ሲያኦሲ። ደሴቶቹን በጦር አንድ አደረገ፣ በ1862 ገባሩን ከአለቆቹ ነፃ አወጣ፣ በ1875 ሕገ መንግሥት አወጀ። የመጨረሻው ቱኢ ቶንጋ ላውፊሊቶንጋ በ1865 ሲሞት ማዕረጉ አብሮት አበቃ። ሕገ መንግሥቱ የተጻፈው በሚሲዮናዊው ሸርሊ ቤከር እርዳታ ነው፤ የሰውየውን ጠባይ የሚያወድስ ብዙ አይደለም፣ ሰነዱ ግን ሠርቷል። አንቀጽ 104 መሬት ሁሉ የንጉሡ መሆኑንና ለማንም መሸጥ እንደማይቻል ይደነግጋል፤ ማከራየት ብቻ ነው የሚቻለው። በዚያ ዘመን ፊጂ በ1874 ለእንግሊዝ ገብታለች፣ የሃዋይ ንግሥት በ1893 ተገልብጣለች፣ ሳሞአ በ1899 ተከፋፍላለች። ሃዋይን የገለበጡት መሬት የያዙ የውጭ ሰዎችና ልጆቻቸው ነበሩ፤ ቶንጋ ውስጥ እንዲህ ያለ ሰው የሚገዛው መሬት አልነበረም። ከ1900 ጀምሮ በእንግሊዝ ጥበቃ ሥር ብትሆንም ንጉሧ አልወረደም፤ ጥበቃው በሰኔ 4 ቀን 1970 አበቃ።

የሕጉ ሌላ ፊት ዛሬ ይታያል። 16 ዓመት የሞላው ወንድ ሁሉ 3.3 ሄክታር የእርሻ መሬትና የቤት መሥሪያ ቦታ ይገባዋል። የአገሪቱ የቆዳ ስፋት ግን 750 ካሬ ኪሎ ሜትር ገደማ ብቻ ነው፤ ስለዚህ መብቱ ኖሮ መሬቱ የሌለው ብዙ ነው። ሴት በዚህ ድርሻ አልተካተተችም። ኒውዚላንድ፣ አውስትራሊያና አሜሪካ ያለው የቶንጋ ሰው ብዛት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

እሑድንም ያሰረው ይኸው ሰነድ ነው፤ አንቀጽ 6 በዚያ ቀን የተፈረመ ውል እንኳ ዋጋ የለውም ይላል። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ፦ በሌላው ዓለም ቅዳሜን የሚያከብሩት አድቬንቲስቶች ቶንጋ ውስጥ የሚያከብሩት እሑድን ነው። ደሴቶቹ ቀን ይለወጥበታል ከሚሉት የ180 ዲግሪ መስመር ወዲያ፣ በምሥራቅ በኩል ስለሚገኙ፣ መንግሥት እሑድ የሚለው ቀን በእውነተኛው ስሌት ቅዳሜ ነው ብለው ያምናሉ።

ኑኩአሎፋ ውስጥ ቤተ መንግሥቱ ባሕሩ ፊት ነው፤ ነጭ ግድግዳ፣ ቀይ ጣሪያ፣ የእንጨት ቤት። ክፍሎቹ ኒውዚላንድ ተሠርተው በ1867 እዚህ ተገጣጠሙ። አይገባበትም፤ ከአጥሩ ውጭ ነው የሚታየው። ማላኤኩላ የተባለው የነገሥታት መካነ መቃብርም እንዲሁ፤ በ1953 በኤልሳቤጥ ሁለተኛ ዘውድ በዓል ላይ ዝናቡ እየወረደ የሠረገላቸውን ክዳን ሳይዘጉ ያለፉት ንግሥት ሳሎቴ ያረፉት እዚያ ነው። ከቤተ መንግሥቱ ጥቂት ራቅ ብሎ ያለው የንግድ ሰፈር ሕንፃዎቹ አዳዲስ የሆኑት በኅዳር 2006 በተነሣው ሁከት አብዛኛው ስለ ተቃጠለ ነው። ከዚያ የመጣው ማሻሻያ በ2010 ከ26ቱ የምክር ቤት መቀመጫዎች 17ቱን ለሕዝብ ሰጠ፤ ዘጠኙን አሁንም ባለማዕረጎቹ መኳንንት ከመካከላቸው ይመርጣሉ። አሮጌውን የእንጨት ምክር ቤት ግን አትፈልጉ፤ በየካቲት 2018 ጊታ የተባለው አውሎ ነፋስ አፍርሶታል።