ለአባቴ አምፕሊፋየር የሚሆን ስፒከር ፍለጋ

የአባቴ አምፕሊፋየር ለዓመታት ቁም ሳጥን ላይ በአሮጌ ጋቢ ተጠቅልሎ ተቀምጦ ነበር። ጀርመን አገር ተምሮ ሲመለስ ይዞት የመጣ ጃፓን ሠራሽ ነው። ፊቱ ብርማ፣ ቁልፎቹ ከባድ፣ ሲዞሩ ደግሞ ልስልስ ያሉ። አምና ለቴክኒሻን ሰጠነው። አቧራው ተጠረገ፣ ያበጡ ካፓሲተሮች ተቀየሩ፣ የድምፅ መጨመሪያው ታጠበ፣ ሠራም። አባቴ ትንሿ መብራት ስትበራ አይቶ ምንም አላለም፤ ወንበሩን ብቻ ጠጋ አደረገ።

ስፒከሮቹ ግን አልዳኑም። የዉፈሩን (ወፍራሙን ድምፅ የሚያወጣውን ትልቁን ክብ) ዙሪያ የያዘውን ስፖንጅ በጣቴ ስነካው እንደ ደረቀ ዳቦ ተፈረፈረ። የስፖንጅ ጠርዝ ያላቸው የድሮ ስፒከሮች ብትጠቀሙባቸውም ባትጠቀሙባቸውም ዕድሜያቸው ሲገፋ እንዲህ ይሆናሉ። በልኩ የተሠራ አዲስ ጠርዝ ከተገኘ ማስቀየር ይቻላል፤ እኛ ግን አላገኘንም። እናም አዲስ የመደርደሪያ ስፒከር ፍለጋ ገባሁ። አራት ወር ፈጀብኝ። በዚህ አራት ወር የገባኝን ልንገራችሁ፣ ምክንያቱም ይሄን ነገር በአማርኛ የሚያስረዳኝ ሰው ፈልጌ አጥቼ ነበር።

መጀመሪያ የሄድኩት እንደማንኛውም ሰው ሱቅ ነው። ካርቶኑ ላይ በትልቁ 1000 ዋት ተብሎ የተጻፈበት ጥንድ ገዝቼ መጣሁ። ጩኸት አለው። ግን ዘፋኙ በርሜል ውስጥ ሆኖ የሚዘፍን ይመስላል፤ ቤዙ ደግሞ አንድ ዓይነት ጉምጉምታ ብቻ ሆኖ ግድግዳውን አልፎ ይሄዳል። የምንኖረው ኮንዶሚኒየም ነው፣ ሦስተኛ ፎቅ። ከታች ያሉት እናት ወጥተው በር አንኳኩና «ምነው ልጄ፣ ደህና ናችሁ?» አሉኝ። በጣም አፈርኩ። በማግስቱ ዕቃውን መለስኩት።

ያ 1000 ዋት የሚባለው ቁጥር ምንም ማለት አይደለም። ለሰከንድ ሽራፊ ሊወጣ ይችላል ተብሎ በወረቀት ላይ የተሰላ ነው። የአባቴ አምፕሊፋየር በእያንዳንዱ ጎን 25 ዋት ነው የሚሰጠው፣ እሱም እውነተኛ፣ ሳያቋርጥ የሚሰጠው 25 ዋት። ለአንድ ሳሎን ከበቂ በላይ ነው። ቤት ውስጥ ሰው እየተጫወተ ሙዚቃ ስትሰሙ ብዙውን ጊዜ የምትጠቀሙት አንድ ሁለት ዋት ቢሆን ነው።

እና ምን ልይ? መጀመሪያ የአምፕሊፋየሩን ጀርባ አየሁ። የኋላው ሳህን ላይ፣ ስፒከር ከሚታሰርበት አጠገብ፣ አንድ ጥንድ ብቻ ከታሰረ ከ4 እስከ 16 ኦም፣ ሁለት ጥንድ አብሮ ከታሰረ ከ8 እስከ 16 ኦም ይላል። ኦም ማለት ስፒከሩ ለኤሌክትሪኩ የሚያሳየው መቋቋም ነው። ቁጥሩ ሲያንስ ስፒከሩ ከአምፕሊፋየሩ ብዙ ከረንት ይስባል፣ አምፕሊፋየሩም ይግላል። የዛሬ ስፒከሮች ብዙዎቹ 6 ኦም ናቸው፣ ስለዚህ አንድ ጥንድ ብቻ እስካሰርኩ ድረስ ችግር የለም። የእናንተ አምፕሊፋየር ከ8 ኦም በታች አትሰሩ የሚል ከሆነ ግን ስሙት፤ ያን ጽሑፍ የጻፉት ለጌጥ አይደለም።

ቀጥሎ ሴንሲቲቪቲ የሚባለው አለ። ስፒከሩ አንድ ዋት ሲሰጠው አንድ ሜትር ርቀት ላይ ምን ያህል ይሰማል የሚለውን በዴሲቤል የሚናገር ቁጥር ነው። እኔ ከዋት ይልቅ ይሄን እንድታዩ እመክራለሁ። 3 ዴሲቤል ያነሰ ስፒከር ያንኑ ድምፅ ለማውጣት እጥፍ ዋት ይፈልጋል። 88 የሚል ስፒከር በ10 ዋት የሚያወጣውን፣ 85 የሚል በ20 ዋት ነው የሚያወጣው። 25 ዋት ላለው ሰው ይሄ ትልቅ ልዩነት ነው። ደግሞ «ትንሽ አምፕሊፋየር ስፒከር አያቃጥልም» ሲባል አትመኑ። አቅሙ ካለቀ በኋላ ቁልፉን ስትጨምሩ የድምፁ ሞገድ ጫፉ ይቆረጣል፣ የተቆረጠው ሞገድ ደግሞ ቀጭን ድምፅ የምታወጣዋን ትንሿን ትዊተር ነው የሚያቃጥለው።

እስከዚህ ድረስ ቁጥር ነው። ሦስት ወር ያመላለሰኝ ግን ክፍሉ ነበር።

ሳሎናችን 4 ሜትር በ3 ሜትር ከ60 ነው። ግድግዳው ብሎኬት፣ ወለሉ ሴራሚክ፣ ጣሪያው ኮንክሪት። መሀል ቆማችሁ አንዴ ብታጨበጭቡ ጭብጨባው ዝንን ብሎ ይመለሳል። እንዲህ ያለ ክፍል ሁለት ነገር ያደርጋል። ቀጭኑን ድምፅ እያንጸባረቀ ጆሮ ላይ ያሾለዋል። ወፍራሙን ደግሞ በአንዳንድ ቦታ ላይ ያሳብጠዋል። በእኛ ክፍል ርዝመትና ስፋት ሳሰላው እብጠቱ ወደ 43 እና 48 ኸርዝ አካባቢ ይመጣል (ኸርዝ ድምፁ በሰከንድ ስንት ጊዜ እንደሚርገበገብ ነው፤ ሲያንስ ድምፁ ይወፍራል)። የቤዝ ጊታር ወፍራሙ ክር ሳይያዝ ሲመታ 41 ኸርዝ ስለሆነ፣ ክፍላችን የሚያጉመተምተው ልክ እዚያ ሰፈር ነው። ያ ሱቅ የገዛሁት ስፒከር ለምን ጎረቤት ድረስ እንደወረደ ይሄኔ ገባኝ። ትልቅ ዉፈር ያለው ስፒከር ለዚህ ክፍል ስጦታ አይደለም። ትንሽ፣ ግን የሰው ድምፅ በትክክል የሚያወጣ ነው የሚሻለው።

ትንሽ ስፒከር ትንሽ ነው ብላችሁ አትናቁት። ቢቢሲ እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ መጀመሪያ ኤልኤስ 3/5ኤ የሚባል ስፒከር የሠራው በስርጭት መኪና ውስጥ ሆነው የሰው ድምፅ በትክክል እንዲሰሙበት ነው። ሳጥኑ በጣም ትንሽ ነው፣ ቤዙም ጥልቅ አይደለም። ሆኖም እስከዛሬ ድረስ የሚፈልጉት ሰዎች አሉ።

ሌላው ጥያቄ ምን ነው የምንሰማው የሚለው ነበር። እኛ ቤት ካሴት ነው። የድሮ ባንዶች፣ ሳክስፎንና ትራምፔት የበዛበት፣ ማሲንቆ፣ በጾም ሰሞን ደግሞ በገና። እነዚህ ቅጂዎች ጥልቅ ቤዝ የላቸውም፣ የቴፕ ሹሹታ ግን ሞልቷቸዋል። ቀጭኑን ድምፅ አጉልቶ የሚያወጣ ስፒከር አዲስ ዘፈን ላይ ሲያምር፣ እነዚህ ላይ ሹሹታውን ፊት ያመጣዋል። ለዚህ ነው ሴንሲቲቪቲው 96 ዴሲቤል ነው የሚባለውን ክሊፕሽ አርፒ-600ኤምን፣ ለትንሽ አምፕሊፋየር በጣም የሚመች ቢሆንም፣ ከዝርዝሬ ያወጣሁት። የቀንድ ቅርጽ ያለው ትዊተሩ ደማቅ ነው፤ ከእኛ ሴራሚክና ከእኛ ካሴት ጋር አብሮ ይከብዳል ብዬ ፈራሁ።

በገና ስፒከር መፈተኛ እንደሆነ ያወቅሁትም በዚህ ፍለጋ ነው። አሥር ክር አለው፤ ክሩ ብሪጁ (ክሮቹ የሚያርፉበት እንጨት) ላይ ከቁራጭ ቆዳ ጋር እየተነካካ ነው ያን የሚነዝር ድምፅ የሚሰጠው። መሠረቱ ወፍራም ነው፣ ንዝረቱ ግን እስከ ቀጭኑ ድረስ ይሄዳል። ደካማ ስፒከር ላይ በገና የዝንብ ድምፅ ይሆናል፣ ወይም ወፍራም ጉምጉምታ ብቻ ይቀራል። ደህና ስፒከር ላይ ጣት ክሩን የለቀቀበት ቅጽበት ለብቻው ይሰማል፣ ከዚያ ንዝረቱ ይከተላል፣ የሚዘምረው ሰው ደግሞ ከሁለቱ መሀል ተለይቶ ይቀመጣል።

ዕድሌ ሆኖ እህቴ አሜሪካ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው የምትኖረው። ለፋሲካ ልትመጣ ነበር። አባባ ከሚወዳቸው ካሴቶች ሦስቱን ወደ ስልክ ቀዳሁና ላኩላት፣ አንዱ በገና ነው፣ ስፒከር አስደምጠው ወደሚሸጡበት ሱቅ ሂጂልኝ አልኳት። «እኔ ስለ ስፒከር ምን አውቃለሁ?» አለች። የአባባን ካሴት ግን ከማንም በላይ ታውቀዋለች፤ በዚያ ድምፅ ነው ያደገችው። ሁለት ቅዳሜ ሄደችልኝ። ስለ አንዱ ጥንድ «ቁልጭ ያለ ነው፣ ግን ሹሹታው ያደክመኛል» ብላ ጻፈችልኝ። እኔ በቁጥር የፈራሁትን እሷ በጆሮዋ ነገረችኝ።

በመጨረሻ ሦስት ቀሩ። ኬፍ ኤልኤስ50 እ.ኤ.አ. በ2012 የፋብሪካውን 50ኛ ዓመት ምክንያት አድርጎ የወጣ ነው፣ ትዊተሩ ከዉፈሩ መሀል ላይ የተቀመጠ። ውብ ስፒከር ነው። ግን 85 ዴሲቤል ነው፣ መቋቋሙም ዝቅ ሲል እስከ 3.2 ኦም ይወርዳል። ሲወጣ ዋጋው 1500 ዶላር መሆኑን ብንረሳው እንኳ ለአባቴ አምፕሊፋየር ከባድ ጭነት ነው። ሁለተኛው ኢላክ ዴቡ ቢ6.2 ነው፤ 87 ዴሲቤል፣ 6 ኦም፣ ባለ ስድስት ተኩል ኢንች ዉፈር። የአየር ቀዳዳው ከፊት ስለሆነ ለግድግዳ ቢጠጋም ብዙ አይጨነቅም። ክፍሌ ሰፋ ያለ ቢሆን ኖሮ እሱን ነበር የምወስደው። ሦስተኛው ኪው አኩስቲክስ 3020አይ፣ 88 ዴሲቤል፣ 6 ኦም፣ ባለ አምስት ኢንች። ቀዳዳው ከኋላ ነው፣ ይሄ አልተመቸኝም ነበር። ግን የስፖንጅ መድፈኛ አብሮት ይመጣል፤ ግድግዳ አጠገብ ቤዙ ሲበዛ ትደፍኑታላችሁ።

እህቴ ሁለት ባለ 23 ኪሎ ሻንጣ ነው ያላት፣ የዘመድ አደራም ሞልቷታል። 3020አይ አንዱ 5.5 ኪሎ ነው። ጥንዱ 11። ሹራብና ፎጣ ጠቅልላባቸው በአንድ ሻንጣ አስገባቻቸው። መጡ።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልጨምር፣ ብዙ ሰው ስለሚሳሳት። እንደነዚህ ዓይነት በሽቦ ብቻ ከአምፕሊፋየር ጋር የሚታሰሩ ስፒከሮች ሶኬት ላይ አይሰኩም፣ ስለዚህ ከአሜሪካ ቢመጡም የ110 እና የ220 ጣጣ የለባቸውም። አምፕሊፋየር ወይም በውስጡ አምፕሊፋየር ያለው ስፒከር ከሆነ ግን ጀርባውን ሳታዩ እንዳትሰኩ። 120 ቮልት ብቻ የሚል ከሆነ ያለ ትራንስፎርመር በእኛ መብራት ወዲያው ነው የሚቃጠለው።

ሽቦውን መርካቶ ገዛሁ፣ 2.5 ካሬ ሚሊ፣ ተጣጣፊውን ዓይነት። ጫፉን ፋቅ አድርጋችሁ እዩ፤ ውስጡ ነጭ ከሆነ መዳብ የተቀባ አሉሚኒየም ነው፣ ተዉት። ለአራት ሜትር ርቀት ከዚህ የበለጠ ውድ ሽቦ መግዛት አያስፈልግም። ስታስሩ ቀይ ከቀይ፣ ጥቁር ከጥቁር መሄዱን ሁለት ጊዜ አረጋግጡ። እኔ በመጀመሪያው ማታ አንዱን ጎን ገልብጬ አስሬው ቤዙ ጠፋ፣ ዘፋኙም መሀል መቆም ሲገባው በክፍሉ ተበተነ። ለሩብ ሰዓት ያህል የተሳሳተ ስፒከር ያስመጣሁ መስሎኝ ልቤ ወድቆ ነበር። ሽቦውን ሳስተካክለው ሰውየው መጥቶ መሀል ቆመ።

መጀመሪያ ቡፌው ላይ ቲቪው ግራና ቀኝ አስቀመጥኳቸው። ደህና ነበር፤ ግን ቡፌው አብሮ ይነዝራል። ከሥራቸው የጎማ ቁራጭ ሳደርግ ተሻለ። መድፈኛውን ከተትኩ፣ ከግድግዳው አንድ ክንድ ያህል ወደፊት ሳብኳቸው፣ በመካከላቸው ያለው ርቀት ከእያንዳንዳቸው እስከ ሶፋው ካለው ጋር እኩል እንዲሆን አደረግሁ፣ ፊታቸውንም ትንሽ ወደ ሶፋው አዞርኩ። ባለቤቴ ወፍራም መጋረጃ ሰቀለች፣ ከእናቴ ቤትም ምንጣፍ አመጣን። እውነቱን ለመናገር ምንጣፉና መጋረጃው ያመጡት ለውጥ ከስፒከሩ አያንስም። አሁን ሳጨበጭብ ዝንታው የለም።

ከታች ያሉትን እናት ሄጄ ጠየቅኋቸው። ማታ ማታ ከፍተን እንደምንሰማ አላወቁም።

አባቴ በገናውን ሲሰማ ዓይኑን ጨፍኖ ሁለት ጎን ካሴት አስጨረሰኝ። ከዚያ «ትንሽ ከፍ ቢሉ» አለ። ትክክል ነው፤ ቡፌው ዝቅ ያለ ስለሆነ ትዊተሩ ከጆሮው በታች ነው ያለው። ተቀምጦ ከወለል እስከ ጆሮው ለካሁት፤ 92 ሳንቲም። የሰፈራችን በያጅ ጋ ሄጄ በቱቦላሬ ሁለት ማቆሚያ አዘዝኩ፣ ቁመታቸው 70 ሳንቲም፣ ላይና ታች ላሜራ፣ ቱቦው ውስጥ እንዳይጮህ ደረቅ አሸዋ የሚሞላበት። አሸዋውን ነፍቼ ፀሐይ ላይ አስጥቼዋለሁ። ማቆሚያዎቹ ለቅዳሜ ይደርሳሉ ብሎኛል።