የአባቴ ጋራዥ አፈር

አባቴ ኮምቦልቻ ውስጥ 22 ዓመት መኪና ጠግኖ አሳደገን። የተቃጠለውን ዘይት የሚደፋው ከአጥሩ ሥር ነበር። ያኔ ጎረቤቱም እንዲሁ ነበር የሚያደርገው፤ አቧራ ይይዛል ይባል ነበር። ጋራዡ ተዘግቶ ስንት ክረምት ሲያልፍ ያ ጥግ ሣር እንኳ አላበቀለም። የዝናብ ጠብታ ጎመን ቅጠል ላይ እንደወደቀ ይንከባለልበታል እንጂ ወደ ውስጥ አይሰርግም።

አምና ቤቱን ሳሳድስ ሠራተኞቹ «እኅታችን፣ ቆፍረን በገልባጭ መኪና እናስወጣልሽ» አሉኝ። የት እንደሚደፉት ስጠይቅ አንደኛው በአገጩ ወደ ቦርከና አመለከተ። ቦርከና ከእኛ በታች የገበሬ ማሳ ያጠጣል፤ ወርዶም አዋሽን ይቀላቀላል። የአባቴን ዘይት ለማላውቀው ሰው ማሳ መላክ አላስቻለኝም። እዚያው ባለበት ላክመው ወሰንኩ።

ልብ የሰጠኝ በአሜሪካ ደቡብ ካሮላይና፣ ሃናሃን በምትባል ቦታ የሆነው ነው። እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር በ1975 ከአንድ ወታደራዊ ማከማቻ 300,000 ሊትር ያህል የአውሮፕላን ነዳጅ ወደ መሬት ሰረገ። በ1985 ከከርሰ ምድር ውሃ ጋር ተጉዞ መኖሪያ ሰፈር ደረሰ። በ1992 ባለሙያዎች አፈሩን ሳያወጡ፣ ቀድሞም በውስጡ ለነበሩት ባክቴሪያዎች የጎደላቸውን ንጥረ ነገር በውሃ በጥብጠው ወደ መሬቱ ማስረግ ጀመሩ። በአንድ ዓመት ገደማ ውስጥ በሰፈሩ የነበረው ብክለት በ75 በመቶ ቀነሰ። ባክቴሪያዎቹ ከሌላ ቦታ አልመጡም። የእኔም አፈር ውስጥ አሉ ማለት ነው!

ዘይት ለእነርሱ ምግብ ነው፤ በልተው ካርቦን ዳይኦክሳይድና ውሃ ያደርጉታል። ግን ዘይት የነከረው አፈር እንጀራ ሞልቶ ወጥ የታጣበት ማዕድ ነው። ካርቦኑ ተትረፍርፎ ናይትሮጅንና ፎስፈረስ ያጥራል። በተለምዶ የሚመከረው ለ100 እጅ ካርቦን 10 እጅ ናይትሮጅንና 1 እጅ ፎስፈረስ ነው። እርጥበትና አየርም ይፈልጋሉ።

ስለዚህ አፈሩን በድጅኖ ፈረካከስኩት፤ ገለባና የበሰበሰ ፍግ ቀላቀልኩበት፤ ጥቂት ዩሪያ በውሃ በጥብጬ አጠጣሁት። ዝናብ ዘይቱን ወደ ታች እንዳያጥበው ብዬ በላስቲክ ሸፈንኩት። ይህ ስሕተት ነበር። በሦስተኛው ሳምንት ላስቲኩን ስገልጥ የበሰበሰ እንቁላል ሸተተኝ፤ አየር አጥቶ ታፍኗል። ላስቲኩን አንስቼ በእንጨት ላይ ከፍ ያለ ቆርቆሮ አለበስኩት፤ ከዚያ ወዲያ በየሳምንቱ በአካፋ አገላብጠው ጀመር። እናቴ ከበረንዳው ሆና «አብሽሪ ልጄ» ትለኛለች፤ ቡናውም እዚያው ይመጣልኛል።

መለኪያዬ ፌጦ ነበር። ቶሎ ይበቅላል፤ መርዝ ያለበትን አፈር ደግሞ አይወድም፤ በሌላው ዓለምም ባለሙያዎች አፈር ይፈትኑበታል። መጀመሪያ በቆርቆሮ ጣሳ 20 ፍሬ ዘራሁ። 3 በቀሉ፤ እነርሱም ሥራቸው ቡናማ ሆኖ ተኮማተረ። በስምንተኛው ወር ከዚያው ጥግ አፈር ወስጄ ሌላ 20 ዘራሁ፤ 16ቱ በቀሉ። አንዱን ነቅዬ በእጄ መዳፍ ላይ አየሁት። ሥሩ ነጭ ነው፤ እንደ ጥጥ ክር ቀጥ ብሎ ወርዷል፤ በጥቃቅን ፀጉር የአፈር ቅንጣት ይዟል። አፈሩን አሸተትኩት። የጋራዡ ሽታ ከሥሩ ገና አለ፤ ከላይ ግን የመጀመሪያ ዝናብ የነካው መሬት ይሸታል።

እናቴ ፌጦው ሲለመልም አይታ ጎመን እንድዘራበት ጠየቀችኝ። እምቢ አልኳት። ያገለገለ ዘይት ከሞተር የተፋቀ ብረት ይዟል፤ እርሳስም ሊኖርበት ይችላል። ባክቴሪያ ብረትን በልቶ አያጠፋም፤ ጎመኑ ግን ከአፈሩ ሊስበው ይችላል። ከባዱ ዘይትም ገና አላለቀም፤ ማገላበጡን አላቆምኩም። ለእርሷ ጎመን ከበሩ በኩል ንጹሕ መደብ አዘጋጀሁላት፤ ለአባቴ ጥግ የወይራ ችግኝ ገዝቻለሁ።