ፋይሉ ልክ ነው፣ ሰርቨሩ ግን አልሰማም

ሰሞኑን ሲያንከራትተኝ የከረመ ነገር ስለተፈታልኝ ላካፍላችሁ። ክላስተር (አብረው የሚሠሩ ብዙ ሰርቨሮች) ማስተዳደር እየተማርኩ ነው። በኤስኤስኤች (ከርቀት መግቢያ) እየገቡ ኮንፊግ (የቅንብር ፋይል) በእጅ መነካካት፣ ከዚያ የሼል ስክሪፕት፣ ከዚያ አንሲብል (ብዙ ሰርቨሮችን በአንዴ የሚያዋቅር መሣሪያ)... ብዙዎቻችን ያለፍንበት ስለሆነ አልዘረዝረውም። ጊት (የፋይል ለውጦችን መዝግቦ የሚይዝ መሣሪያ) ውስጥ ያልገባ ኮንፊግ ግን እንደሌለ ቁጠሩት፤ በዚህ አልደራደርም።

ወደ ጉዳዩ ልግባ። የሁሉም ኖዶች (የክላስተሩ ሰርቨሮች) ሎግ አርሲስሎግ በሚባል ሎግ ላኪ ሰርቪስ በኩል ወደ አንድ ማዕከላዊ ሰርቨር ይሄዳል። የመላኪያውን አድራሻ ቀይሬ ፕሌይቡኩን (የአንሲብልን የሥራ ዝርዝር) አስኬድኩ። ከአንዱ በቀር ሁሉም ወደ አዲሱ መላክ ጀመሩ። ያ አንዱ ኖድ ላይ ገብቼ ፋይሉን ባየው አዲሱ አድራሻ ቁጭ ብሏል። ቼክሰሙም (ከይዘቱ የሚሰላው መለያ) ከሌሎቹ ጋር አንድ ነው። ፕሌይቡኩን ደግሜ ባስኬደው በአረንጓዴ «ኦኬ» ይለኛል። ፋየርዎሉ፣ ዲኤንኤሱ፣ ሰርተፊኬቱ፣ ሁሉም ደህና ነው።

ጉዱ የወጣው ሁለት ሰዓቶችን ጎን ለጎን ሳስቀምጥ ነው። ፋይሉ መቼ እንደተቀየረ ስታት የሚባለው ትእዛዝ ይነግራችኋል፤ ሰርቪሱ መቼ እንደተነሳ ደግሞ ሲስተምሲቲኤል ሾው ያሳያል። ሰርቪሱ የተነሳው ፋይሉ ከመቀየሩ በፊት ነበር! አርሲስሎግ ሚሞሪ ላይ በያዘው አሮጌ ኮንፊግ ሥራውን ቀጥሏል ማለት ነው።

ታዲያ ፋይሉ ሲቀየር መደረግ የነበረበት ሪስታርት የት ገባ? አንሲብል ላይ ሃንድለር (እዚህ ሰርቪሱን ሪስታርት የሚያደርገው) የሚጠራው ታስኩ (የፕሌይቡኩ አንድ እርምጃ) «ተቀይሯል» ሲል ብቻ ነው። ተጠርቶም ወዲያው አይሠራም፤ ታስኮቹ እስኪያልቁ ይጠብቃል። እዚያ ኖድ ላይ ፋይሉ ተቀየረ፣ ሃንድለሩ ተጠራ፣ ከዚያ ቀጥሎ ያለው የፓኬጅ መጫኛ ታስክ ወደቀ። ታስክ የወደቀበት ኖድ ላይ ወረፋ የያዙ ሃንድለሮች በዚያው ይቀራሉ። በቀጣዩ ዙር ደግሞ ፋይሉ ልክ ስለሆነ የሚቀየር ነገር የለም፤ ሃንድለሩንም የሚጠራው የለም። ስለዚህ «ፕሌይቡኩን ደጋግመህ አስኪደው፣ ልዩነቱ ይጠፋል» የሚለው ምክር እዚህ ጋ አይሠራም። መቶ ጊዜ ቢደጋግሙት ያው አረንጓዴ ነው።

ፎርስ ሃንድለርስ የሚባል አማራጭ አለ፤ ታስክ ቢወድቅም ሃንድለሮቹ እንዲሠሩ ያደርጋል። እኔ ግን አልወደድኩትም፤ ግማሹ በተሠራ ኮንፊግ ሰርቪስ ማስነሳት ያስፈራኛል። የመረጥኩት ከኮንፊጉ ታስክ ሥር ወዲያው ፍለሽ ሃንድለርስ (ወረፋ የያዙትን ሃንድለሮች እዚያው የሚያሠራ) ማስገባትን ነው። ኮንፊጉም ቦታው ከመቀመጡ በፊት ቫሊዴት በሚለው መስመር ይፈተሻል። በነገራችን ላይ ለአርሲስሎግ የሃፕ ሲግናል መላክ አዲሱን ኮንፊግ አያስነብበውም፤ የሎግ ፋይሎቹን ዘግቶ እንዲከፍት ብቻ ነው የሚያደርገው። ሪስታርት ግድ ነው።

ጆርናልዲም (ሎግ የሚሰበስበው የሲስተምዲ ሰርቪስ) የዚሁ ዘመድ ነው። ስቶሬጁ «አውቶ» ከሆነ፣ ቫር ሎግ ሥር ጆርናል የሚባል ፎልደር ያለው ኖድ ሎጉን ዲስክ ላይ ያስቀምጣል፤ የሌለው ደግሞ ሚሞሪ ላይ ይዞት ሪቡት ሲደረግ ያጣዋል። ኮንፊጋቸው ግን ፊደል በፊደል አንድ ነው። «ፐርሲስተንት» ብላችሁ በግልጽ ጻፉት። የሰዓቱን ነገር ብዙ አልልም፦ ክሮኒ (ሰዓት አስተካካዩ) ይኑር፣ ሁሉም በዩቲሲ (በዓለም አቀፉ መለኪያ ሰዓት) ይሁን፣ የድሮውን የሲስሎግ ፎርማት ተዉት። ዓመተ ምህረትም የሰዓት ዞንም የለውም።

አሁን ሁለቱን ሰዓቶች እያነጻጸረ ሰርቪሱ ከፋይሉ የቀደመበትን ኖድ የሚያወጣ ትንሽ ስክሪፕት አለኝ። ሪሎድ ለሚደረጉት (ሳይቆሙ ኮንፊጉን እንደገና ለሚያነቡት)፣ እንደ ዌብ ሰርቨሩ ኤንጂንኤክስ ላሉት ግን አያገለግልም፤ ዋናው ፕሮሰስ ስለማይቀየር ሁልጊዜ አሮጌ ይመስላል። ለኤንጂንኤክስ ትእዛዝ ትልቁን ቲ (-T) ሰጥታችሁ የምታዩት ኮንፊግም ከፋይሉ የተነበበ እንጂ እየሠራ ያለው አይደለም። ሪሎድ ሲደረግ ወርከሮቹ (በዋናው ፕሮሰስ ሥር ሥራውን የሚሠሩት) አዲስ ስለሚነሱ፣ ለጊዜው የእነሱን መነሻ ሰዓት እያየሁ ነው። የተሻለ ዘዴ ያላችሁ ወዲህ በሉኝ።